ከአዲስ አበባ እስከ ውጫሌ፦ ለመንገድ ዳር ታሪካችን ድንጋይ ይቁምለት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሰንዳፋ፣ በሸኖና በደብረ ብርሃን አልፎ በጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው፣ ከዚያም በከሚሴና በኮምቦልቻ በኩል ደሴን አቋርጦ ወደ ውጫሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የሀገራችን ታሪክ በብዛት ከተፈጸመባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ምን እንደተፈጸመ፣ በተለይም የት ላይ እንደተፈጸመ ለመንገደኛ የሚነግር ምልክት እዚህም እዚያም ካልሆነ በቀር ስለማይታይ፣ ጉዳዩ በቅርብ የሚመለከታቸው ሁለት መሥሪያ ቤቶች፣ ማለትም የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርና የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ አንድ አሠራር እንዲዘረጉ ለማሳሰብ ነው። ዕድሜዬን በመንገድ ቅየሳ ሥራ ያሳለፍኩ ጡረተኛ እንጂ የታሪክ ባለሙያ አይደለሁም፤ ስለዚህ የማነሣው ነገር በአመዛኙ የቦታ ጉዳይ ነው።

ከሰገሌ ልጀምር። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን የወረዱት መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም ነበር፤ ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ዙፋን ሲሉ ያዘመቱት ጦር በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን መካከል ባለው በሰገሌ ሜዳ ከሸዋ ጦር ጋር ገጠመ። ከዚያ ቀደም ብሎ በአንኮበር በኩል ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድ ከነጦራቸው ስላለቁ፣ የሸዋ መኳንንት በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ መሪነት ሰገሌ ላይ የቆሙት ከዚህ በኋላ ማፈግፈጊያ እንደሌላቸው ዐውቀው ነው። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ፤ የንግሥት ዘውዲቱ ንግሥና እና የራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽነትም የጸናው በዚያ ቀን ድል ነው። ከሁለቱም ወገን ብዙ ሺህ ሰው አልቋል፤ ያለቀውም ሁሉ የአንድ ሀገር ሰው ነው። ዛሬ ግን አገር አቋራጩ አውቶቡስ በዚያ በኩል የሚያልፈው ተሳፋሪው ቁርስ የት እንደሚበላ ረዳቱን እየጠየቀ ሳለ ነው፤ በተሳፋሪውም ሆነ በረዳቱ መፍረድ አይቻልም፣ የነገራቸው የለምና።

ደብረ ብርሃን ከመድረሳችን በፊት የምናገኛት ጫጫ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ መቀመጫ ናት። አንጎለላ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሁለተኛ መናገሻ ነበረች፤ በ1834 ዓ.ም ንጉሡ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሐሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተዋዋሉት እዚያ ሲሆን፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱትም እዚያው ነው። ጫጫ ራሷ ደግሞ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ሊገባ በተቃረበበት ሰሞን ኃይለ ማርያም ማሞ ከተከታዮቻቸው ጋር አድፍጠው ጠላትን የመቱባት፣ ለሸዋ አርበኝነት መነሻ የሆነች ቦታ ናት። የአንጎለላን ታሪክ ብዙ ሰው ይብዛም ይነስም ሰምቶታል፤ የጫጫውን ውጊያ ግን ከአካባቢው ሰው በቀር የሚያውቅ ብዙ አይገጥመኝም።

ጣርማ በር ላይ ጥቂት ልቆይ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚያ ገደል አፋፍ ጉሙ በቀን እኩሌታም ቢሆን መብራት አስበርቶ ያስነዳል። መንገዱ ተራራውን በሚያልፍበት ዋሻ ውስጥ ከጣሪያው ውኃ ይንጠባጠባል፤ ከወዲያኛው አፍ ሲወጡ ደግሞ ደጋው ድንገት ያልቅና የቆላው ሙቀት ከታች ይቀበላል። በዚህ መንገድ በተጓዝኩ ቁጥር «ይህን ዋሻ ማን ሠራው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ወጣት አይጠፋም፤ መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው፣ «ጣሊያን»። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ዋሻው በወረራው ዘመን ተፈልፍሎ በሙሶሊኒ ስም ይጠራ ነበር። ነገር ግን ነገሩ በዚህች አንዲት ቃል ሲያበቃ፣ ወራሪው መንገድ ሠርቶ የሄደ ደግ እንግዳ መስሎ ይቀራል። ዋሻው ከመፈልፈሉ በፊት በዚያው ተራራ ላይ ምን እንደሆነ የሚጨምር ሰው የለም። የጣሊያን ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም ከደሴ ተነሥቶ ከ1,500 በሚበልጡ ተሽከርካሪዎች ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ፣ ጉዞውን ያጓተተው የኢትዮጵያ ወገን ጣርማ በር ላይ አስቀድሞ ያፈረሰው መንገድ ነበር። ጦሩ የፈረሰውን ጠግኖ እስኪያልፍ ድረስ በገደሉ ሥር ቆሞ ለመጠበቅ ተገዷል፤ አዲስ አበባ የገባውም ሚያዝያ 27 ነው። እንግዲህ በዚያ ቦታ አንድ ድንጋይ ቢቆም፣ ዋሻውን ማን እንደሠራ ብቻ ሳይሆን መንገዱን ማን እንዳፈረሰውና ለምን እንዳፈረሰው፣ በፍልፈላውም ከጣሊያናውያኑ ጎን የሀገሬው የጉልበት ሠራተኛ እንደነበረበት በአምስትና በስድስት መስመር መናገር ይችላል።

ቁልቁለቱን ወርደን ሸዋ ሮቢትን ካለፍን በኋላ ስለምናገኛት ስለ ካራ ቆሬ ማንም ጦርነት አይተርክም። በ1953 ዓ.ም በተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ ከተማ ፈርሳለች፤ ካራ ቆሬ ክፉኛ ተጎድታለች፤ አውራ ጎዳናውም ተሰነጣጥቋል። በቅየሳ ሥራ ላይ ለነበርን ሰዎች ይህ የትናንት ወሬ አይደለም፤ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ያስተማረን ነው። በ2017 ዓ.ም በፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ ብዙ ሰው «እንዲህ ያለ ነገር በሀገራችን ታይቶ አይታወቅም» ሲል ሰምቻለሁ። ካራ ቆሬ ላይ አንድ ምልክት ቢኖር ኖሮ ቢያንስ በዚያ መንገድ የሚመላለሰው ሰው እንዲህ ባላለ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚከነክነኝ ግን መንገዱ ራሱ የታሪኩ ቦታ ስለሆነበት ስለ 1965 ዓ.ም ረሃብ ነው። ወሎ ላይ ዝናቡ ከድቶ፣ ከብቱ አልቆ፣ ጎተራው በተራቆተ ጊዜ ገበሬው ቤተ ሰቡን ይዞ የወረደው ወደዚህ አስፋልት ነበር። ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር ተኮልኩሎ አውቶቡስና የጭነት መኪና እያስቆመ እህል ይለምን ነበር። ወደዚያ የመጣው ሌላ የሚያየው ስላልነበረ ነው፤ በመንገድ ዳር ቢቆም ቢያንስ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፍ ሰው ያየዋል። በእርግጥም ያዩት ነበሩ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በግቢያቸው ለእይታ ሲያቀርቡ መንግሥት ጉዳዩን ሸፍኖ ማለፍ አልሆነለትም፤ በ1966 ዓ.ም የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚያ ረሃብ በመጽሐፍ ብዙ ተጽፏል። በዚያ አስፋልት ዳር ለወደቁት ግን፣ ከከሚሴ እስከ ውጫሌ ስመላለስ፣ «እዚህ ነበሩ» የሚል አንድም ድንጋይ አላየሁም። ለነገሥታትና ለአርበኞች ሐውልት ማቆም ለምደናል፤ በረሃብ ለሞተ ገበሬ ማቆም የሚያሳፍረን ይመስለኛል። የመጠለያ ጣቢያዎቹ የት የት እንደነበሩ፣ ሟቾቹም በየትኛው ሜዳ እንደተቀበሩ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በየከተማው ዛሬም አሉ፤ ነገር ግን ያኔ ጎልማሳ የነበረው ሰው ዛሬ ሰማንያውን አልፏል።

ደሴን በተመለከተ ማስታወስ የምፈልገው፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም የጣሊያን አውሮፕላኖች ንጉሠ ነገሥቱ የሰፈሩባትን ይህችን ከተማ ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት የተዘረጋበት ሆስፒታል ጭምር መመታቱን ብቻ ነው። ከደሴ በስተ ሰሜን ብዙም ሳይርቅ ስላለው ስለ ቦሩ ሜዳ ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ምክንያቱም በእንዲህ ዓይነት ምልክት ላይ ምን ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ከየትም ይልቅ የሚከብደው እዚያ ነው። በ1870 ዓ.ም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በጠሩት ጉባኤ ላይ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ክርስቶስ ባሕርይና ልደት የነበረው የቅባትና የሦስት ልደት ክርክር ተቋጭቶ የተዋሕዶ ትምህርት ጸና፤ የወሎው መሪ ኢማም መሐመድ ዓሊም ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። እኒሁ ሚካኤል ናቸው ኋላ ራስ ሆነው ዓድዋ የዘመቱት፣ ነግሠውም ሰገሌ ላይ የተማረኩት። ይኸው ጉባኤ ለወሎ ሙስሊም ደግሞ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ የታዘዘበት፣ እምቢ ያለውም ወይ የሸፈተበት ወይ የተሰደደበት ዘመን መጀመሪያ ነው። ድንጋዩ ላይ የመጀመሪያውን ብቻ ብንጽፍ አንዱ ጎረቤት ያዝናል፤ ሁለተኛውን ብቻ ብንጽፍ ሌላው ይቀየማል። ሁለቱም የተፈጸሙት በአንድ ሜዳ ላይ ስለሆነ፣ ሁለቱንም ያለ ቅጽል ከነዓመተ ምሕረታቸው ከመጻፍ ሌላ መውጫ አይታየኝም። የወሎ ሰው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ሰርግና በአንድ ለቅሶ የሚገናኝ በመሆኑ፣ ጽሑፉን የሚያረቁት የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች በአንድነት ቢቀመጡ የሚስማሙበት ዐረፍተ ነገር አያጡም ብዬ አምናለሁ።

ውጫሌን ሁሉም ሰው በትምህርት ቤት ስለተማረው አላስረዝምም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም ውሉ የተፈረመው አምባሰል ውስጥ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ነው፤ ተማሪ ሁሉ 17ኛውን አንቀጽ በቃሉ ይወጣል፤ ይስማ ንጉሥ ከዋናው መንገድ በየት በኩል እንደሚኬድ ጠይቁት፣ አይመልስላችሁም።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። መንገድ ሲቀየስ ወይም ሲሰፋ ቀያሹ የሚያልፍበትን ሁሉ ይመዘግባል፦ ቤት፣ ጎተራ፣ የጉድጓድ ውኃ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ መቃብር፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ። ካሳ ስለሚከፈልበት እያንዳንዱ ባሕር ዛፍ ሳይቀር ይቆጠራል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ባሕር ዛፍ አለ፤ የጦር ሜዳ የለም። በሥራ ዘመኔ ያየሁትን አንድ ነገር ላንሣ፤ ቦታውንም ድርጅቱንም አልጠራም። መንገዱ በሚሰፋበት ተረተር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ ረጅም ድንጋይ ነበር፤ የአካባቢው ሰው የጦርነት ምልክት እንደሆነ፣ ሥሩም የወደቁ ሰዎች እንደተቀበሩበት ይናገር ነበር። በንድፉ ላይ ድንጋዩ አልተመለከተም፤ ካሳ የሚጠይቅለት ባለቤትም የለውም። አንድ አዛውንት ገበሬ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ዶዘሩ ፊት ቆሙ። ኦፕሬተሩ ጨዋ ልጅ ስለነበር ሞተሩን አጠፋና «አባባ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው» አላቸው። አለቆቹ መጥተው ሲያነጋግሯቸው ቆዩና፣ በመጨረሻ ድንጋዩ ተነሥቶ ዳር ላይ ተጋደመ። መንገዱ በጊዜው አለቀ፤ ድንጋዩም ከዚያ በኋላ የፍየል መውጫ ሆነ። በዚያ ዕለት ሕግ የጣሰ ማንም ሰው አልነበረም፤ ትልቁ ችግርም ይኸው ነው።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮ ወቅት ቅርስ ያገኘ ሰው ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ ያዛል። ይህ ለሸክላና ለአጥንት ይሠራል፤ ሰገሌን የመሰለ ሜዳ ግን ተቆፍሮ የሚወጣ ነገር ስለሌለው የሚያሳውቀው የለም። ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ማንኛውም አውራ ጎዳና ሲሠራ፣ ሲሰፋ ወይም ከባድ ጥገና ሲደረግለት፣ በቅየሳው ወቅት ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና ከሀገር ሽማግሌዎች ጋር የታሪክ ቦታዎች በካርታው ላይ እንዲሰፍሩ፤ የምልክት ድንጋዮቹም ከመንገዱ የሥራ ዝርዝርና ዋጋ ሰነድ ውስጥ እንደ አንድ የሥራ ዓይነት እንዲካተቱ ነው። ተቋራጩ የኪሎ ሜትር ምልክቶችን፣ የድልድይ አጥሮችንና የማስጠንቀቂያ ታፔላዎችን በሰነዱ መሠረት ያቆማል፤ የታሪክ ምልክቱንም በዚሁ መሠረት ያቁም። አንድ ጥርብ ድንጋይ ከነመሠረቱ የሚጠይቀው ገንዘብ ለአንዲት አነስተኛ የውኃ ማስተላለፊያ ቱቦ ከሚወጣው አይበልጥም፤ በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠር የመንገድ ውል ውስጥ ማንም አያስተውለውም። ለብቻው በጀት ይያዝለት ከተባለ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ስብሰባ ይበዛል፣ የመሠረት ድንጋይ ይጣላል፣ ዋናው ድንጋይ አይደርስም።

አቋቋሙን በሚመለከትም ሙያዬ የሚያስገድደኝን ልናገር። ምልክቱ ከብረት አይሠራ፤ በየቀበሌው ቆራሌው አለና ዓመት አይሞላውም። ቀለምም አይቀባ፤ የጣርማ በር ጉምና የቆላው ፀሐይ በየተራ ያጠፉታል። ከአካባቢው ጥቁር ድንጋይ ተጠርቦ ፊደሉ በጥልቀት ይቀረጽ። ድንጋዩ በመታጠፊያ፣ በዳገት አናት ወይም በዋሻ አፍ ላይ ፈጽሞ አይቁም፤ ሾፌር ወደ ጎን ሲያይ ሰው ይሞታል። ጣርማ በር ላይ ከዋሻው ርቆ፣ ሜዳው ሰፋ ባለበት፣ ሁለት አውቶቡስ ከአስፋልቱ ወጥቶ የሚቆምበት ጠጠር የተነጠፈበት ስፍራ ያስፈልጋል። ቋንቋውም እንደ ቦታው ይሁን፤ መንገዱ በሰንዳፋና በሸኖ በኩል የሚያልፈው በኦሮሚያ ክልል፣ በከሚሴ በኩል ደግሞ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ስለሆነ፣ በእነዚህ ቦታዎች አፋን ኦሮሞና አማርኛ ጎን ለጎን ይጻፉ።

የጽሑፉ ነገር ደግሞ እንዲህ ቢሆን እላለሁ። ለሰገሌ፦ «በዚህ ሜዳ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ጦርና በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የተመራው የሸዋ ጦር ተዋጉ። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። ከሁለቱም ወገን ብዙ ሺህ ሰው በዚህ ወደቀ።» ከዚህ በላይ አያስፈልገውም። ጀግናው፣ ከሃዲው፣ ታላቁ፣ ገናናው የሚሉት ቃላት ለሌላ ቦታ ይቆዩ፤ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የሚፋቁት እነርሱ ናቸው።

ይህን ሐሳብ ሳነሣ «ሰው በሰላም ወጥቶ በሰላም መግባቱ በሚያሳስብበት በዚህ ጊዜ ስለ ድንጋይ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አዘውትሮ የሚዘጋውን ይህን መንገድ እኔም እኖርበታለሁና ስጋታቸው አይጠፋኝም። ዛሬ ድንጋይ እናቁም አላልኩም፤ ዛሬ ግን ሽማግሌዎችን ጠይቀን ቦታውን በካርታ ላይ ማስፈር እንችላለን። ለዚህ ደብተርና የእጅ ጂፒኤስ ይበቃል። ፈቃዱ ካለ ደግሞ የጠፋን እንኳ መመለስ እንደሚቻል በዋና ከተማችን አይተናል፤ ለቀላል ባቡር ግንባታ ሲባል በ2005 ዓ.ም የተነሣው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2008 ዓ.ም ወደ ቦታው ተመልሷል። መቼ እንደተነሣና የት እንደነበረ በሰነድ ስለተያዘ የሚመለስበት አልጠፋም። ያ ተረተር ላይ የነበረው ድንጋይ ይህ ዕድል አልነበረውም። በ2016 ዓ.ም የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም ዜሮ ኪሎ ሜትርን በፒያሳ አስቀምጦልናል፤ ከዚያ የሚቆጠረው መንገድ የዓድዋ ዘማቾች ከተጓዙባቸው አንዱ ሆኖ ሳለ፣ መታሰቢያው ከከተማ ሲወጣ ማለቁ አይገባኝም።

የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር በዚህ መስመር ላይ በሚያወጣው በቀጣዩ የጥገና ጨረታ ቢያንስ ሰገሌን፣ ጣርማ በርንና የ1965ቱን ረሃብ መጠለያ ቦታዎች በሰነዱ ውስጥ እንዲያካትት፣ የቅርስ ባለሥልጣኑም የጽሑፉን ረቂቅ ከየወረዳው ሽማግሌዎች ጋር እንዲያዘጋጅ በጋዜጣችሁ በኩል አመለክታለሁ። ለቅየሳው ክፍያ አልጠይቅም፤ ከደብረ ብርሃን ወዲህ ያለውን ቦታ ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር በእግር ዞሬ ነጥቦቹን ምልክት አድርጌ ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ። አድራሻዬ በዝግጅት ክፍላችሁ ይገኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የመንገድ ቀያሽ
ደብረ ብርሃን